የአራስ ቤት አማርኛ

እግዚአብሔር ይመስገን፤ አለፈ። ያለፈ ጭንቅ ሲያወሩት ስለሚያስቅ ነው የምጽፈው እንጂ እኔ ወሬ የምወድ ሰው አይደለሁም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይህን ያውቃል። ገበያ ስወጣ ዋጋ እጠይቃለሁ፤ ከተወደደ እሄዳለሁ፤ ካልተወደደ እገዛለሁ። ሽንኩርት የምገዛበት ሰውዬ "እንደ እርስዎ ያለ ደንበኛ ቢበዛብኝ ምላሴ ይዝግ ነበር" ይለኛል። "ዝም አይነቅዝም" ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እውነትም ይኸው እስከ ዛሬ አልነቀዝኩም።

የቋንቋ አስተማሪ የሆነችው እንግዲህ ይህቺው ሴት ናት። ያውም የፈረንጅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ትዕግስት ለውጭ አገር ሰዎች አማርኛ ታስተምራለች። ደሴ ቤቷ ቁጭ ብላ፣ በስልክ፣ በኢንተርኔት። መጀመሪያ ስትነግረኝ አልገባኝም ነበር።

"ተማሪዎችሽ የት ናቸው?" አልኳት።

"በየአገራቸው።"

"አንቺስ?"

"እኔ ቤቴ ነኛ፣ እማዬ።"

"ታዲያ ተማሪ ሲያጠፋ በምን ትቆነጥጪዋለሽ?"

ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በቄስ ትምህርት ቤት ነው። የኔታ ጥላ ሥር ተቀምጠው ያንጎላጃሉ፤ አንዲት ፊደል ስንስት ግን ዓይናቸውን ሳይገልጡ አለንጋቸው ትደርስብናለች። ስለዚህ ክንድ የማይደርስበት ትምህርት ትምህርት አይመስለኝም ነበር። የትዕግስት ባል ሹፌር ነው፤ የሚነዳው መኪና ተበላሽቶ ጋራዥ ከገባ ወዲህ ግን ቤታቸው የቆመው በዚያ እኔ በማላምንበት ትምህርት ነው። ያበላል፤ ያላመንኩበትን ነገር አመሰገንኩት።

የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ይወለዳል። ትዕግስትም ቀኗ ሲቃረብ ከደሴ በሚኒባስ መጣችልኝ። እኔ ደግሞ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ጃንጥላ ተስዬ ነበር፤ ሰማኝ። ማርያም ማረቻት፤ ሴት ልጅ ታቀፈች። ጎረቤቱ እልል አለ፤ ገንፎው ተገነፋ። ባለቤቴ "አራስ ቤት የሴት ነው" ብሎ ሐይቁ ዳር ወዳለው የጎመን ማሳው ሸሸ። ማታ ማታ ለእራት ብቻ ብቅ ይላል። ይኸው ነው ብዬ ነበር፤ ከእንግዲህ ማረፍ፣ ማጥባት፣ ገንፎ መብላት።

አይደለም ለካ። ገና ሳምንት ሳይሞላት ትዕግስት ስልኳን ጠየቀችኝ።

"ለምን?"

"አኒካን ላስተምር።"

አኒካ ኖርዌይ ከሚባል ብርድ አገር ያለች ሐኪም ናት። ደሴ መጥታ ለጥቂት ጊዜ ሕሙማን ልታክም ስለሆነ አማርኛውን ቶሎ ትፈልገዋለች። ሌሎቹ ተማሪዎች ትዕግስት ነፍሰ ጡር ሳለች ጨርሰው ሄደዋል፤ የቀረችው አኒካ ብቻ ናት። አዲስ አበባ ያለችው የትምህርቱ ኃላፊ ደግሞ "ካቋረጥሽ ለሌላ አስተማሪ ልሰጣት ነው" ብላታለች። አኒካ ሄደች ማለት ሥራው ሄደ ማለት ነው። መኪናው እንደሆነ ጋራዥ ተኝቷል።

ነገሩ ገባኝ። ግን አራስ ነች! ክርስትና ያልተነሣች ሕፃን አጠገቧ ተኝታለች። ባዕድ ሰው እንዴት ቀጥ ብሎ ያያታል?

"ዓይን እፈራለሁ" አልኳት።

"እማዬ፣ እሷኮ የዓይን ሐኪም ናት።"

"ይባስ!"

ልቤ አልረጋ ሲል ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። አባታችን ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ቅዳሴውን በቃላቸው ስለሚያውቁት ግን ማንም ደፍሮ አያነሣባቸውም። ሐኪም ቤት ይሂዱ ያላቸው ሰው ተግሣጽ ጠግቦ ይመለሳል። የእኔን ነገር መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"መጋረጃ አለሽ?" አሉኝ።

"አለኝ፣ አባቴ።"

"ስልኩን ከመጋረጃው ውጭ አስቀምጪው። ድምፅ ይግባ፤ ዓይን ደጅ ይቅር።"

እንዲህ ያለ ፍርድ የትም አይገኝ። ስልኩን በርጩማ ላይ፣ የጨው ጣሳ አስደግፌ፣ ከመጋረጃው ወዲህ ተከልኩት። ትዕግስት ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ታስተምራለች። አኒካ ደግሞ ከባሕር ማዶ ቁጭ ብላ አበባ የታተመበትን መጋረጃዬን እያየች ትማራለች። እኔ የአራስ ቤት በር ጠባቂ ነኝና ከዳር ተቀምጬ እሰማለሁ። ጨዋ ልጅ ናት። ትዕግስት "ትልቅ ሰው ሲመጣ ይነሳሉ" ብላ አስተምራታለችና እኔን በስልኩ ባየች ቁጥር ከወንበሯ ብድግ ትላለች። ስትነሣ ራሷ ከስልኩ ይወጣና ሆዷ ብቻ ይታየኛል። እኔም ደስ እያለኝ "እደጊ" እላታለሁ። ይህቺን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ ታፈላለች።

አንድ ቀን ግን ትዕግስት ጡቷ አብጦ አተኮሳት። ጤና ጣቢያ ወስደናት መድኃኒት ሰጧት፤ ትረፍ፣ ትተኛ አሉ። አስተኛኋት። ወዲያው የትምህርቱ ሰዓት ደረሰና ስልኩ መዝፈን ጀመረ። ይዘፍናል፤ ሕፃኗ ትነቃለች፤ ትዕግስት ልትነሣ ትሞክራለች። "ተኚ" ብዬ አነሣሁት።

አኒካ ብድግ አለች። "እደጊ" አልኳት። ተቀመጠች።

"ትዕግስት የት ናት?"

"ተኝታለች።"

"ለምን?"

"አሟታል።"

"በጣም?"

"እግዚአብሔር ያውቃል።"

ከዚህ በላይ የሚባል ነገር አልታየኝም። የተጠየቅሁትን መልሻለሁ። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። እሷ ታየኛለች፣ እኔ አያታለሁ። ጥሩ ጊዜ እያሳለፍን መስሎኝ ነበር። ጥቂት ቆይታ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋችና "እማማ? ሄሎ?" አለች። እኔም የምለው ሲኖረኝ እላለሁ ብዬ ዝም። "ኔትወርክ!" ብላ ስልኳን ትነቀንቀው ጀመር። ቤቷ፣ መስኮቷ፣ ጣሪያዋ ሁሉ ሲናወጥ አየሁ። የመሬት መንቀጥቀጥ መስሎኝ አማተብኩላት። እጄ ሲንቀሳቀስ ብታይ ጊዜ ጮኸች።

"ኦ! እማማ አለች!"

"አለሁ" አልኩ። የት እሄዳለሁ?

ሐዋ ገንፎ ይዛ የገባችው እዚህ ላይ ነው። ሐዋ የጓሮ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ዓሣ ነጋዴ ነው። ፈጣሪ የእኔን ድርሻ ወሬ ደርቦ ለእሷ ሰጥቷታል፤ ስለዚህ ሁለታችን ስንሆን ነገሩ ይመጣጠናል።

"የትዕግስት እናት! ማንን ነው እንዲህ አፍጥጠሽ የምታይው?"

"ተማሪ ናት።"

"ምን ትማራለች?"

"አማርኛ።"

"ታዲያ አንቺ ምን እያስተማርሻት ነው? ዝምታ?" ገንፎውን አስቀምጣ በርጩማው ፊት ተንበረከከች። "አሰላሙ አለይኩም፣ የኔ እመቤት! እንዴት ነሽ? አገሩ ሰላም ነው? እናት አባት ደህና? ከብቱስ? ዝናቡስ ጣለ?"

አኒካ ይህን ሁሉ ስትከታተል ቆይታ መጨረሻ ላይ አንዱን ያዘች።

"ከብት የለኝም" አለች፤ ፊቷ በሐዘን ጠቆረ።

"አብሽሪ! ይሰጥሻል፣ ኢንሻአላህ!"

"አብሽሪ ምንድን ነው?"

ሐዋ ወደ እኔ ዞረች። የአስተማሪዋ እናት እኔ ነኛ! "አይዞሽ ማለት ነው" አልኩ። ያስተማርኩት የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው። ላቤ መጣ።

በማግስቱም ትዕግስት አልተሻላትም። በማግስቱም ስልኩ ዘፈነ። አራስ ቤት ደግሞ እንደምታውቁት የሰው መንገድ ነው፤ አንዱ ይገባል፣ ሌላው ይወጣል። እኔ መናገር ስለማይሆንልኝ አንድ ዘዴ አገኘሁ። አራስ ልትጠይቅ የመጣችውን ሁሉ "እስኪ መጀመሪያ ይህቺን አናግሪያት" እያልኩ በርጩማው ፊት አስቀምጣለሁ። አንዷ ስለ ጤፍ፣ አንዷ ስለ አማቷ ትነግራታለች። ባለቤቴ እንኳ አንድ ቀን እራት ቀርቦ እንደሆነ ሊያይ መጥቶ ተያዘ። ሐኪም መሆኗን እንጂ የምን ሐኪም እንደሆነች አልሰማም ነበርና አፉን ከፍቶ የሚያመውን መንጋጋውን አሳያት። ልጅቱ ግራ ብትጋባም አላሳፈረችውም፤ "አብሽር" አለችው።

አንድ ቀን ደግሞ በትምህርቱ መሃል ሻይ ቀድታ ጠጣች። ሐዋ ደረቷን ያዘች።

"ኧረ የትዕግስት እናት፣ ብቻዋን ጠጣች!"

እውነትም "እንጠጣ" አላለችም። አስተማሪ ፊት፣ ያውም ሁለት እናቶች ተቀምጠው! ሐዋ እዚያው አቃናቻት፤ የሚበላ የያዘ ሰው አጠገቡ ላለው ሁሉ "እንብላ" ይላል። አኒካ ከዚያ ወዲህ ብስኩቷን በያዘች ቁጥር ወደ ስልኩ ታስጠጋና "እንብላ!" ትላለች። እኛ "ብይ፣ ይባረክልሽ" እንላታለን። ምርቃት ላይ መዳፏን ዘርግታ "አሜን" ማለትም ለመደች። ደህና ነሽ ስትባል "እግዚአብሔር ይመስገን አልሐምዱሊላህ" በአንድ ትንፋሽ ትላለች። ማን ምኑን እንዳስተማራት ለመለየት ጊዜ አልነበረኝም።

ትዕግስት ተሻላት፤ ተመስገን። ትምህርቱን ተቀበለችኝ። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ኃላፊዋ ከአዲስ አበባ ደወለች። ትምህርቱ ሁሉ ይቀረጻል ለካ! ስልኩ ከእኔ የበለጠ ዝም ብሎ ሰምቶ፣ ከሐዋ የበለጠ ያወራል።

"እናቴ፣ የትምህርቱን ቅጂ አየሁት" አለች፤ ድምፅዋ ትሑት ነው፣ ግን ቀዝቃዛ።

"እሺ።"

"አንዲት ሴት ስለ ዓሣ ዋጋ ስታወራ ሰዓቱ ያልቃል።"

"ሐዋ ናት።"

"አንድ ሰውዬ ለተማሪያችን መንጋጋ አሳይቷታል።"

"ባለቤቴ ነው።"

"'አብሽሪ' የሚባል ቃል ደግሞ በመማሪያችን ውስጥ የለም።"

"እኛ ሰፈር አለ።"

ብዙ ተናገርኩ መሰለኝ። ከዚያ ፍርዱን ሰጠች። አኒካ ደሴ ልትገባ ነው። ሥራ ከመጀመሯ በፊት ሐይቅ መጥታ አስተማሪዎቿን ልይ ብላለች፤ የምትመጣበት ቀን ደግሞ የሕፃኗ ክርስትና ሆነ። በዚያን ዕለት ኃላፊዋ በአኒካ ስልክ ሆና ትከታተላለች። አኒካ ከሰው ጋር መግባባት ከቻለች መልካም። ካልቻለች ትዕግስት ከእነሱ ጋር አትቀጥልም።

ትዕግስት ሕፃኗን እቅፍ አድርጋ "አይዞሽ እማዬ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" አለችኝ።  ማሳው ዳር ወርጄ ከሐይቁ ማዶ ወዳለው ገዳም ዞርኩና "እስጢፋኖስ፣ ሁለተኛ ጃንጥላ" አልኩ። ለሰማዕቱም ወሬ አላበዛሁበትም።

የክርስትናው ዕለት ሕፃኗ በጠዋት ተጠመቀች፤ ወለተ ማርያም ተባለች። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ዳሱ ሞልቶ፣ ምግቡ እየቀረበ ሳለ ባጃጅ ደጃፋችን ቆመ። ከውስጡ አንድ እግር ወጣ። ቆይቶ ሌላው ወጣ። ከዚያ ታጥፋ የተቀመጠች ሴት ቀስ እያለች ተዘረጋች፤ ተዘርግታ አላልቅ አለች።

"በአላህ! እግር አላት ለካ!" አለች ሐዋ።

በስልክ ራስና ሆድ ብቻ ነበረችዋ! እኛ ከሆድ በታች ያለውን ሳናስብ ነው ያስተማርናት። እጇን ለሰላምታ ስትዘረጋ ሐዋ በእጇ ስባ ትከሻዋን በትከሻዋ መታ አደረገቻት፤ ጉንጯን ትስማት ጀመር። አኒካ ስንት ጊዜ እንደሚሳም ስላላወቀች ቀድማ ስታቆም፣ ሐዋ ስትቀጥል፣ ግንባር ለግንባር ተጋጩ። በስልክ እንዲህ ያለ አደጋ የለም።

አኒካ ስልኳን ወደ ዳሱ በሚከፈተው የቤታችን መስኮት ላይ አቆመች። ኃላፊዋ በውስጡ ተቀምጣ ታያለች። እንግዲህ ትምህርት በስልክም በአካልም አንድ ቤት ውስጥ ተገናኘ። እኔ በመሃል ቆሜ በልቤ አባታችን ሆይ እደግማለሁ።

መከራው ወዲያው ጀመረ። በስልክ አንድ ሰው ነበር የሚያናግራት፤ ዳስ ውስጥ ግን ሁሉም የሚናገረው በአንድ ጊዜ ነው። "መንገዱ እንዴት ነበር?" "እንዴት ረዘመች!" "ባል አላት?" "ኧረ ወንበር ስጧት!" ልጅቱ አንገቷን ወዲህ ወዲያ ታዞራለች፤ ዓይኗ ይንከራተታል። አንድም ቃል አልወጣትም። መስኮቱ ላይ ያለችው ኃላፊ ቅንድቧ ሲሰበሰብ ከዚህ ታየኝ።

ትዕግስት ቀስ ብላ እጇን ይዛ ከክርስቲያኑ ማዕድ አስቀመጠቻት። የሐዋና የዘመዶቿ ማዕድ በስተቀኝ በኩል ነው፤ ለእነሱ የታረደውም የተሠራውም ለብቻ። አንድ ዳስ፣ አንድ ጨዋታ፣ ሁለት ሥጋ። ይህ እኛ ዘንድ ከእናት ጡት ጋር የሚገባ ነገር ስለሆነ ማንም ለማንም አያስተምረውም። ለአኒካም ማን ይንገራት? አኒካ ሥጋዋ ሲቀርብላት ትምህርቷ ትዝ አላት። ብድግ ብላ፣ ሳህኗን እንደያዘች፣ በዚያ ረጅም እግሯ ዳሱን በሁለት እርምጃ አቋርጣ ሐዋ ፊት ቆመች። ጉርሻ ጠቅልላ ወደ አፏ ዘረጋች።

"እንብላ!"

 ሐዋ አፏን ጥርቅም አድርጋ ጉርሻውን አየችው፤ ቀጥላ ልጅቱን አየቻት። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

"አንቺ ብይ፣ የኔ ዓለም፣ ይባረክልሽ" አለች ሐዋ፣ አንገቷን ወደ ኋላ እየሸሸች። "ያንቺ ያንቺ ነው፣ የእኔም የእኔ። በስልኩ ሳንነግርሽ የቀረን ነገር ነው። ልብሽን ግን በልቼዋለሁ።"

ሰዉ ሳቀ። አኒካ ፊቷ በርበሬ መሰለ። መስኮቱ ላይ ያለችው ግን አልሳቀችም። "ምንድን ነው የተፈጠረው?" አለች። 

ይህ ሳይበቃ አባታችን ገቡ። ሁሉም ብድግ አለ። አኒካ ሰው ሁሉ ሲነሣ አየች፤ ትልቅ ሰው ቆሞ አየች፤ ከበርጩማው ፊት የተማረችው ነገር ትዝ አላት። አንዱ ብድግ ሲል ሌላው ምን ይላል? እማማ ምን ትል ነበር? ፊቷ በራ። ከሁሉ ቀድማ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ ጥምጥማቸውን አስረው መቋሚያቸውን ለተደገፉት ሽማግሌ ቄስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፦

"እደግ!"

በሕይወቴ ብዙ ዝምታ አውቃለሁ። እንደዚያ ያለ ግን ሰምቼ አላውቅም። ትዕግስት ዓይኗን ጨፈነች። ሐዋ "ያ ረቢ" ብላ አፏን ሸፈነች። ከመስኮቱ በኩል አንድ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ጃንጥላውም፣ ሥራውም፣ ስሜም አብረው ሲሄዱ ታየኝ።

"ማነው እደግ ያለኝ?" አሉ አባታችን።

"ይቅር ይበሉን አባቴ፣ እንግዳ ናት፣ የእኔ ጥፋት…"

"ዝም በይ አንቺ፤ አመልሽም ነው።" ጢማቸውን ዳበሱ። "ጥርሴ ካለቀ ወዲህ እደግ ያለኝ ሰው የለም። አሜን፣ ልጄ! ከእንግዲህ ግን የቀረኝ እድገት ወደ ላይ ነው።" መቋሚያቸውን ወደ ሰማይ ቀሰሩ። ሰዉ ትንፋሹ ተመለሰ። "ነይ እስኪ ተሳለሚ" ብለው መስቀላቸውን ዘረጉ።

የዘረጉት ግን ለዳሱ ምሰሶ ነበር።

ምሰሶው ተሳለመ። ሰዉ አንገቱን ደፋ፤ አባታችንን የሚያርም የለም። አኒካ ግን አንገቷን አልደፋችም። መስቀሉን አየች፣ ምሰሶውን አየች፣ ዓይናቸውን አየች። ያቺ ስትንከራተት የነበረች ልጅ እዚያው ፊታችን ሌላ ሰው ሆነች። ቀርባ ክንዳቸውን ያዘች።

"አባቴ፣ ይቀመጡ።"

ተቀመጡ።  ከመስኮቱ ላይ ስልኳን፣ ከነኃላፊዋ፣ አንሥታ ፊታቸው ተንበረከከችና መብራቱን አበራች።

"ወደ ላይ ይዩ።" አዩ። "ወደ ታች ይዩ።" አዩ። "ያማል?"

ጉድ በሉ፤ ሐኪም ቤት ይሂዱ ሲባሉ ሰው የሚገሥጹት አባታችን ማውራት ጀመሩ። ጉሙ ከየት እንደጀመረ፣ አንዱ ጧፍ ሁለት ሆኖ እንደሚታያቸው፣ የወንጌሉ ፊደል እንደ ጉንዳን እንደሚበተንባቸው፣ ቢላዋ እንደሚፈሩ፣ ዓይኔን ቢነኩኝ የቀረችው ብርሃን ትጠፋብኛለች ብለው እንደሚሰጉ። ለእኛ አንድ ቀን ነግረውን አያውቁም። አኒካ እጃቸውን እንደያዘች ዝም ብላ ሰማች። አልቸኮለችም፤ በመሃል አልገባችም፤ ሲያቆሙም ዝም አለች፤ እሳቸውም እንደገና ቀጠሉ። ምን ያህሉን እንደገባት እግዚአብሔር ያውቃል። ሲጨርሱ፦

"አይዞዎት፣ አባቴ። አብሽሩ። ሞራ ነው። ይገፈፋል።"

"ቢላዋ አለው?"

"ትንሽ። እኔ አለሁ።"

አባታችን ራሳቸውን ነቀነቁ። "መቼ ልምጣ?" አሉ።

ዳሱ እልልታ ሆነ። አኒካ ስልኩን ለእኔ አቀብላኝ ሕፃኗን ልታይ ከትዕግስት ጋር ሄደች። ኃላፊዋን በእጄ ይዤ ቀረሁ። ትክ ብላ ታየኛለች። ጠበቅሁ። አትናገርም፤ ዓይኗም አይንቀሳቀስም። ኔትወርክ የቆመ መሰለኝና እንደ ተማርኩት ነቀነቅኋት።

"አለሁ፣ እናቴ፣ አይነቅንቁኝ!" አለች። ዓይኗን ጠረገች። "ይህን ቁጭ ብሎ መስማት ማን ነው ያስተማራት? ትዕግስት ናት?"

ሐዋ ከኋላዬ አንገቷን አስገባች። "የትዕግስት እናት ናታ! ከእሷ በቀር በዚህ ሰፈር ዝም የሚል አለ?"

ኃላፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ትዕግስት ትቀጥላለች አለች፤ አርፋ ስትጨርስ ሌላ ተማሪም ይጠብቃታል። "አደራ ግን" አለች፣ "ትምህርት ላይ መንጋጋ አይታይ።" እሺ አልኩ። ስልኩን እንደያዝኩ አባታችን አጠገብ ቁጭ አልኩ።

እነሆ አሁን ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፤ በስልክ ይሻላል ወይስ በአካል? አዋቂ ሆኜ ነው! እኔ ያየሁት ይህን ነው። ስልክ ላይ ሰው በየተራ ይናገራል፤ ይህ ጥሩ ነው፤ ለእኛ ዳስም ቢለመድ አልጠላም። ስልክ የአራስ ቤቴን መጋረጃ ሳይገልጥ ተማሪ አስገብቶልኛል። ነገር ግን ስልክ ምሰሶ የተሳለመውን መስቀል አያሳይም፤ የማን ሥጋ የማን እንደሆነም አይናገርም። እነዚህን ለማወቅ ባጃጅ ውስጥ ታጥፎ መምጣት ግድ ነው። መቆንጠጥ ግን በሁለቱም አላስፈለገኝም።

ጃንጥላዎቹን አስገባሁ፤ ሁለቱንም። ሴት ከገዳሙ ደጅ አታልፍምና ባለቤቴ ይዟቸው ገባ፤ እኔ ውጭ ቆሜ አመሰገንኩ። የትዕግስት ባል መኪናው ከጋራዥ ወጣ። አባታችንም ደሴ ደርሰው ተመለሱ። በተመለሱ በመጀመሪያው እሑድ ወንጌሉን ዘርግተው እያዩ አነበቡት፤ እኛም በዜማው መሃል አለቀስን። ሲወጡ ደጀ ሰላሙ ላይ አገኙኝ። መስቀሉን ቀጥ አድርገው ግንባሬ ላይ አሳረፉት። "ለዚያች ልጅ ንገሪልኝ፤ አደግሁ በያት" አሉኝ።

ነገርኳት። አኒካ ከሥራ ስትወጣ አንዳንድ ቀን ከደሴ ትደውልልኛለች። ባለፈው ይህንኑ መልእክት ካደረስኩላት በኋላ ሁለታችንም የምንለው አለቀብን። እሷ ደክሟት ወንበሯን ተደግፋ ሻይዋን ይዛለች፤ "እንጠጣ" ብላኛለች፤ "ጠጪ" ብያታለሁ። እኔ ምስር እለቅማለሁ። ጥሩ ቀን ነበር። ሐዋ በጓሮ በር ገባች፤ አኒካን አየች፣ እኔን አየች፣ ጆሮዋን ጣለች፤ ምንም የለም። ዘላ ስልኩን ያዘችና ልትነቀንቀው እጇን አነሣች።

"ተይው፣ ሐዋ" አለች አኒካ ከውስጥ። "ኔትወርክ ደህና ነው። ከእማማ ጋር እያወራን ነው።"